ከጋፋት እቶን እስከ አሮጌ ሜዳ፦ ዐፄ ቴዎድሮስና ያልተፈታው የባሩድና የእርሳስ ጥያቄ

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ፈንጠር ብላ ጋፋት የምትባል ስፍራ ትገኛለች። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ጸጥታዋን እንጂ የጥንት ድምጿን አይሰማም። ከመቶ ስድሳ ዓመታት በፊት ግን እዚህች ስፍራ ላይ ወናፍ ያናፋ፣ መዶሻ ያስተጋባ፣ የቀለጠ ነሐስም ከእቶን እየወጣ ወደ ቅርጹ ይፈስስ ነበር። የሀገሪቱ ንጉሠ ነገሥት ሥራው ከምን እንደ ደረሰ በዐይናቸው ለማየት ወደዚህ ይመላለሱ ነበር። እኒያ ንጉሥ መይሳው ካሣ፣ በዙፋን ስማቸው ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ጀግንነት ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ቁጣቸውም እንዲሁ። ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ያልሰማ ልጅ የለም። ይህ ጽሑፍ የሕይወታቸውን መንገድ የሚከተለው በአንድ ጥያቄ በኩል ነው። ሌላው ዓለም የሚሠራውን ጠመንጃ፣ ባሩድና አረር ኢትዮጵያዊ በገዛ እጁ ስለ ምን አይሠራም? ንጉሡ ይህን ጥያቄ ከወጣትነታቸው ጀምሮ እስከ መቅደላ አፋፍ ድረስ ተሸክመውት ኖረዋል። መልሱንም ፈልገው ግማሹን አግኝተዋል። ያላገኙት ግማሽ በአሮጌ ሜዳ ላይ ሠራዊታቸውን አሳጣቸው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ግድም በቋራ ተወለዱ። በልጅነታቸው አባታቸው ስለሞቱ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ኑሮ ከበደባቸው፤ ለኮሶ ሻጭነት እንኳን ተዳርገው ነበር ይባላል። ጠላቶቻቸው ይህን ስም በኋላ ዘመን ለስድብ ተጠቅመውበታል። ልጁ በገዳም ፊደል ቆጠሩ፤ ዳዊት ደገሙ። ከዚያም የቋራውና የደምቢያው ገዥ ደጃዝማች ክንፉ ቤት ገብተው የጦር ሙያ ተማሩ። ደጃዝማች ክንፉ ከሱዳን በኩል የሚመጣውን የግብጽ ጦር የመከቱ ዝነኛ የጦር ሰው ስለ ነበሩ፣ ወጣቱ ካሣ የድንበርን ነገር ገና በጠዋቱ አወቁ።

ክንፉ ከሞቱ በኋላ ካሣ ሸፈቱ። ዘመኑ መሳፍንት ሀገሩን ተቀራምተው እርስ በርስ የሚፋጁበት ነበር። ካሣ በቋራ ቆላ ተከታይ አበዙ፤ ሽፍታው የጦር አለቃ ሆነ። የጎንደሯ እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ አሊ ኃይላቸውን አይተው ሊያባብሏቸው ወደዱ፤ የራስ አሊ ልጅ ወይዘሮ ተዋበችም ተዳሩላቸው። ካሣ ተዋበችን ከልብ አፈቀሩ፤ ስምምነቱ ግን ብዙ አልቆየም።

የሕይወታቸውን አቅጣጫ የቀየረው ቀን በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ መጣ። ካሣ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሱዳን ድንበር ወርደው ከግብጽ ጦር ጋር ገጠሙ። በቁጥር አላነሱም፤ በድፍረትም እንዲሁ። ጠላት ግን በአጥር ውስጥ መሽጎ፣ መድፉን ጠምዶ፣ በሥርዓት ተሰልፎ ጠበቃቸው። ጎራዴና ጋሻ፣ ጦርና ጥቂት ነፍጥ የያዘው የካሣ ጦር በመድፍና በተኩስ ረገፈ። ካሣም ከዚያ ሜዳ ተሸንፈው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ለእርሳቸው ጀግንነት ያለ መሣሪያ፣ መሣሪያም ያለ ሥርዓት ከንቱ ሆነ።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት የድል ዓመታት ነበሩ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ ራስ አሊን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረጉ። በደረስጌ ማርያምም ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሳነጿት ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ በልጅነት የነበሩትን ምኒልክንም ይዘው ተመለሱ። ዘመነ መሳፍንት ያከተመው በእርሳቸው ክንድ ነው።

ነገር ግን ንጉሡ ዙሪያቸውን ሲያዩ ግዛታቸው ጠመንጃ ገዥ እንጂ ጠመንጃ ሠሪ አልነበረም። መሣሪያ ከባሕር ማዶ በምጽዋ በኩል ይገባል፤ የምጽዋ በር ግን በቱርክና በግብጽ እጅ ነበር። በሩን የያዘው ሰው ሲፈልግ ይከፍታል፤ ሲፈልግ ይዘጋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፣ በሰው መሣሪያ የቆመ መንግሥት በሰው ፈቃድ የቆመ መሆኑን ንጉሡ ተረዱ። የቅርብ ወዳጃቸውና አማካሪያቸው እንግሊዛዊው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤልም በአውሮፓ ስላለው የእጅ ጥበብ ብዙ ይነግራቸው ነበር። ቤል በ1853 ዓ.ም. ንጉሡን ሲከላከል በጦር ሜዳ ወደቀ።

በዚያ ዘመን አንድ ነፍጠኛ እንዴት ይተኩስ እንደ ነበር ማስተዋል የታሪኩን ጭብጥ ይከፍታል። ተኳሹ ባሩዱን በቀንድ ወይም በቆዳ ከረጢት ይይዛል። እርሳሱን በእሳት አቅልጦ በትንሽ ቅርጽ ውስጥ ያፈስስና ሲቀዘቅዝ ክብ አረር ያወጣል። በውጊያ ላይ ጠመንጃውን አቁሞ በመጀመሪያ የተመጠነ ባሩድ በአፈ ሙዙ ይጨምራል። ከዚያ አረሩን በጨርቅ ወይም በሌላ መወተፊያ አስደግፎ ያስገባል። በረጅም ዘንግ እየጠቀጠቀ እስከ ታች ይሰድዳል። በስተመጨረሻም ማቀጣጠያውን ያዘጋጃል፤ አንዳንዱ በክር እሳት፣ አንዳንዱ በባልጩት፣ አዲሱ ደግሞ በትንሽ የመዳብ ቆብ። ይህን ሁሉ አድርጎ በአንድ ደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የተኮሰ ሰው ቀልጣፋ ይባላል።

ችግሩ ቀርፋፋነቱ ብቻ አልነበረም። አረሩ በአፈ ሙዝ እንዲወርድ ከቧንቧው ትንሽ መቅጠን አለበት፤ ከቀጠነ ደግሞ የባሩዱ ኃይል በጎኑ ያመልጣል፤ አረሩም በቧንቧው ውስጥ እየተላተመ ስለሚወጣ አቅጣጫውን ይስታል። ልክክ ያለ አረር ከተጨመረ ግን ለመጠቅጠቅ ጊዜ ይፈጃል። ባሩዱም ክፍት ስለ ሆነ ዝናብና እርጥበት ያበላሹታል። ተኳሹ ለማጉረስ የግድ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ በዚያች ቅጽበት እርሱ ራሱ ዒላማ ነው።

ባሩድ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አልነበረም። ድኝ፣ ከሰልና ከአፈር ተጣርቶ የሚወጣ ጨው መሰል ማዕድን ተፈጭተው፣ ተመጥነውና ተቀላቅለው ባሩድ ይሠሩ ነበር። ይህን የሚያውቁ የሀገር ባለሙያዎች ነበሩ። ብረት አቅላጭና ቀጥቃጭም ከጥንት ጀምሮ አልጠፋም። የጎደለው ለዚህ ሙያ የሚሰጠው ክብር ነበር። ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ፣ የሚያጭድበትን ማጭድ፣ የሚፈልጥበትን ምሳር የሚሠራለት ቀጥቃጭ ቡዳ ተብሎ ይሸሽ ነበር። በጎንደር ዙሪያ ይህን ሥራ ከያዙት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ ሥራቸው ይፈለጋል፣ እነርሱ ግን ይገለላሉ። ሙያው ከተናቀ ማን ልጁን ያስተምራል? ካልተማረስ እንዴት ያድጋል? ከማረሻ ወደ ጠመንጃ የሚወስደው መንገድ የተዘጋው ከብረት እጥረት ይልቅ በንቀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጋፋት ይህን አጥር ለመስበር የተሞከረባት ስፍራ ናት። ከስዊዘርላንድና ከጀርመን የመጡ፣ ወንጌል ማስተማር የፈለጉ የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያን በንጉሡ ፈቃድ እዚያ ሰፈሩ። ዋልድማየር፣ ዛልሙለርና ቤንደር ከእነርሱ መካከል ናቸው። ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው የጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ከእነርሱ ጋር ሠሩ። ንጉሡ በመጀመሪያ መንገድ እንዲጠርጉ፣ ጋሪ እንዲሠሩ፣ መሣሪያ እንዲጠግኑ አዘዟቸው። ቀጥሎ መድፍ እንዲያቀልጡ ጠየቋቸው።

ሚስዮናውያኑ ይህን ሥራ አናውቀውም ብለው ተከራከሩ፤ እውነትም አያውቁትም ነበር። ንጉሡ ግን እምቢታን የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። ስለዚህ ሙከራው ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ነሐስን በብዛት ማቅለጥ ትንሽ የእርሳስ አረር እንደማፍሰስ ቀላል አይደለም፤ እቶኑ ኃይለኛውን ሙቀት መቻል፣ ቅርጹ ፍጹም መድረቅ፣ ብረቱም ሳይቋረጥ ባንድ ጊዜ መፍሰስ ይኖርበታል። በቅርጹ ውስጥ ጥቂት እርጥበት ከቀረ ሁሉም ይበላሻል፤ ሰውም ይጎዳል። ባለሙያዎቹ አፈር እየለዋወጡ፣ እቶን እያፈረሱና እየሠሩ ሞከሩ። በመጨረሻ ተሳካላቸው። ንጉሡም ደስታቸው ወሰን አጣ፤ ባለሙያዎቹን በክብር ሸለሙ። በዙሪያቸውም የሀገሩ ወጣቶች ተመድበው ሥራውን እየተማሩ ነበር።

የጋፋት ባለሙያዎች ሥራ ቁንጮ ሴባስቶፖል ነው። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። ስሙ በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ከተከበበችው የወደብ ከተማ የተወሰደ ነው። እንዲህ ያለ መድፍ በኢትዮጵያ ምድር መሠራቱ ለዚያ ዘመን ታላቅ ሥራ ነበር፤ ዛሬም የሚያኮራ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን በባሕር ማዶ ሌላ ነገር እየተሠራ ነበር። እንግሊዞች በ1859 ዓ.ም. ግድም ስናይደር የተባለውን ጠመንጃ ለሠራዊታቸው አደሉ፤ በኋላ ሀገራችን ስናድር ብላ የለመደችው ነው። የቆየውን በአፈ ሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ከበስተኋላ ቆርጠው መክፈቻ አበጁለት። ጥይቱም ባሩዱን፣ እርሳሱንና ማቀጣጠያውን በአንድ ቀለህ ያጠቃለለ ሆነ። ከኋላ ስለሚገባ በዘንግ መጠቅጠቅ ቀረ። የእርሳሱ ግርጌ ጎድጎድ ያለ ስለ ሆነ ሲተኮስ ተለጥጦ ቧንቧውን ይሞላል፤ ኃይሉ አያመልጥም፤ በቧንቧው ውስጥ በተቀረጸው ጠመዝማዛ መስመር ተሽከርክሮ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የሠለጠነ ወታደር ተኝቶም ቢሆን በደቂቃ እስከ 10 ጊዜ ይተኩሳል። ጋፋት ግዙፉን መድፍ ስታቀልጥ፣ የወደፊቱ ጦርነት የሚወሰነው በአውራ ጣት በሚያህል ቀለህ ነበር።

የንጉሡና የእንግሊዝ ጠብ አመጣጡ የታወቀ ነው። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ አልመጣም። በዚህ ተቆጥተው ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። ራሳም የተባለው መልእክተኛ በ1858 ዓ.ም. መልሱን ይዞ ሲደርስ ነገሩ የሚለዝብ መሰለ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን እርሱም ታሰረ። በዚያን ጊዜም ቢሆን የንጉሡ ጥያቄ የእጅ ባለሙያ ነበር። ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው ባለሙያዎችና የሥራ መሣሪያ እንዲላክላቸው ጠየቁ። ባለሙያዎቹም መሣሪያዎቹም እስከ ምጽዋ መጡ፤ እስረኞቹ ሳይፈቱ ግን እንግሊዝ ወደ ደጋ እንዲወጡ አልፈቀደችም። እስረኞቹ አልተፈቱም፤ ባለሙያዎቹም ተመለሱ። በእነርሱ ፈንታ በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ወደ 13,000 የሚጠጋ ጦር 44 ዝሆኖችን አስከትሎ በዙላ ወደብ ወረደ።

በሀገር ውስጥም ነገሩ ከፍቶ ነበር። በቤተ ክርስቲያን መሬት ጉዳይ ከካህናት ጋር ተጣልተው ነበር። መሳፍንቱ በየአቅጣጫው አመፁ። የንጉሡ ቅጣት በደለኛና ንጹሕ የማይለይ ሆነ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቷንም ዘረፉ። ለሀገር አንድነት የተነሣው ክንድ በሀገሬው ላይ ሲበረታ ሠራዊቱ በየሌሊቱ ይከዳ ጀመር። ፍቅራቸውን ያጣ ገበሬ ስንቅ አይሰጥም፤ መንገድም አይጠቁምም። ይህን ሳይናገሩ ጋፋትን ብቻ ማወደስ ለታሪክ ታማኝ መሆን አይደለም።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መባቻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ሴባስቶፖልንና ሌሎቹን መድፎች በጋሪ ጭነው ነበር። ጎታቹ ሰው፣ ገመዱ ጠፍር፣ መንገዱ ገደል ነው። የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች ከሺህ ሜትር በላይ የሚወርዱና የሚወጡ ናቸው። መንገድ ባልነበረበት መንገድ ተቆረጠ፤ ዐለት ተፈነቀለ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየተሸከሙ ከሠራተኛው ጋር ዋሉ። ለፈጣን መንገደኛ ጥቂት ቀናት የሚበቃው ጉዞ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። መድፉ በመጋቢት ወር ከመቅደላ አምባ ደረሰ። ናፒየርም ከኋላ ሲመጣ በዚያው ንጉሡ ባስጠረጉት መንገድ ተጠቀመበት።

ከውጊያው ዋዜማ በቁጣ ላይ የነበሩት ንጉሥ በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን ከመቅደላ ገደል አስወረወሩ። ማግሥቱ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዓርብ ነበር። ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ግንባር ቀደሙ በአሮጌ ሜዳ ታየ። ፊታውራሪ ገብርዬ ብዙ ሺህ ሰው አስከትለው ከፋላ ተራራ ቁልቁል ወረዱ። ደመናው ነጎድጓድ ይዞ መጣ፤ ዝናብም ዘነበ። ከላይ የንጉሡ መድፎች ተኮሱ፤ ከታች ግን እምብዛም ጉዳት አላደረሱም።

ወራጁ ጦር ነፍጡ ሊመታ በሚችልበት ርቀት ሳይደርስ ስናድር ተኩስ ከፈተ። አንድ ጊዜ ተኩሶ የሚያጎርስ መስሎት ወደፊት የሮጠ ሁሉ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ጥይት አገኘው። የኢትዮጵያ ወታደር ደፍሮ ገፋ፤ ወደቀ፤ ዳግመኛ ገፋ። ዘንጉን አውጥቶ አረሩን እስኪጠቀጥቅ ሌላው ደጋግሞ ተኩሶበታል። ፊታውራሪ ገብርዬ በዚያ ሜዳ ወደቁ። ሲመሽ ከኢትዮጵያውያን ወደ 700 የሚጠጉ ሞተው፣ ከሺህ በላይ ቆስለው ነበር። ከእንግሊዞቹ የቆሰሉት 20 ያህል ሲሆኑ በኋላ ከእነርሱ ሁለቱ ሞተዋል። የደባርቂ ጥያቄ ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ።

ንጉሡ በቀጣዮቹ ቀናት አውሮፓውያኑን እስረኞች ፈቱ። ለፋሲካ ብለው የላኩትን ከብት እንግሊዞች አልተቀበሉም፤ እጅ ከመስጠት በቀር ሌላ አልፈለጉም። የፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የቀሩትን ተከታዮቻቸውን አሰናብተው፣ ጠላት በበሩ ሲገባ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ሽጉጡ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የመጣ ነበር። በሀገራቸው ጥይት ሊሠሩ የደከሙት ንጉሥ የመጨረሻዋ ጥይታቸው ከባሕር ማዶ የመጣች ሆነች።

እንግሊዞች ምሽጉን አፈረሱ፤ መድፎቹን ሰባበሩ፤ መጻሕፍቱንና ንዋየ ቅድሳቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ሄዱ። ሕፃኑን ልዑል ዓለማየሁንም ወሰዱ፤ እርሱም በሰው ሀገር ገና በ18 ዓመቱ ሞተ። የጋፋት ባለሙያዎችም ከነፃ ወጡት እስረኞች ጋር ከሀገር ወጡ። እቶኑ ጠፋ። ተማሪዎቹ ተበተኑ። ከመሐንዲሱና ከቀጥቃጩ ጋር የጀመረው ነገር ወራሽ አጣ።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ነገሥታት ትምህርቱን በሌላ መንገድ ተከተሉት። ናፒየር ሲመለስ ለትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ 12 መድፎችና 850 ጠመንጃዎችን ከነጥይታቸው ትቶላቸው ሄደ። ካሣም በ1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን አሸንፈው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተባሉ። ዮሐንስ ከግብጽ ጦር በጉንደትና በጉራ ብዙ ሬሚንግተን ማረኩ። ምኒልክ ደግሞ ውጅግራውንና ሌላውን በግዥና በዲፕሎማሲ አከማችተው በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል አደረጉ። ጥይት እንደ ገንዘብ በገበያ የሚመነዘርበት ዘመንም መጣ። የተተኮሰው ቀለህ አይጣልም ነበር፤ ተሰብስቦ፣ ባሩድ ተሞልቶ፣ እርሳስ ቀልጦ በላዩ ተተክሎ እንደገና ይተኮስ ነበር። ያን የሚያደርገው ያው የተናቀው የእጅ ባለሙያ ነው።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ። ምስሉ በአዲስ አበባ በስማቸው በተሰየመው አደባባይ ቆሟል። የመቅደላው መድፍ ሰዎች በትከሻቸውና በላባቸው ገደል አሻግረው ያወጡት ስለ ሆነ የንጉሡን ሐሳብ ትልቅነት ያሳያል። ጉድለቱንም እንዲሁ ያሳያል። ንጉሡ ከሁሉ አስቀድመው ትልቁን መድፍ ፈለጉ፤ ለትንሿ ቀለህ የሚሆን ማሽን፣ ልኬትና ለዓመታት የሚዘልቅ ሙያ ግን በቁጣና በትእዛዝ የሚገኝ አልነበረም። ሰላምና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከሁሉ በላይ ለሠሪው ክብር መስጠትን ይጠይቃል።

በየገበያው ማረሻ የሚስል፣ ማጭድ የሚሞርድ፣ ብረት የሚያቀልጥ ሰው ዛሬም አለ። ጋፋት ላይ ንጉሥ ከእቶኑ ዳር ቆመው የጠበቁት የዚህን ሰው እጅ ሥራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስን መዘከር የሚወድ ሁሉ ያን ሰው ሲያገኘው በስሙ ጠርቶ፣ ከአጠገቡ አስቀምጦ፣ ልጁንም ከእርሱ ዘንድ ለሙያ ቢልክ፣ ንጉሡ ጀምረው ሳይጨርሱት ከቀረው ሥራ አንዱን ወገን ያነሣል።